ወደ ባሕር ጥልቅ የሚወርደው ካርቦንና የሰፈራችን ወንዝ

(ለተማሪዎች ስብሰባ የተደረገ ንግግር)



ስለ ባሕር እንደምናገር የሰማ አንድ ጓደኛዬ፣ «የኮልፌ 18 ማዞሪያን ልጅ ከባሕር ጋር ምን አገናኘው?» ብሎ ቀለደብኝ። ቀልዱ ያለ ምክንያት አይደለም። የሰፈራችን ፍሳሽ ወደ ትንሹ አቃቂ ይገባል፤ ከዚያም በአባ ሳሙኤል አልፎ ወደ አዋሽ ይወርዳል። አዋሽ ግን ባሕር ሳይደርስ በአፋር ምድር አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል።

ነገር ግን ወንዛችን ዳር የቆመ ሰው የባሕሩን ሕግ በአፍንጫው ያውቀዋል። ጥራጊና እዳሪ ውሃ ውስጥ ሲገባ ባክቴሪያዎች ይመገቡታል፤ ኦክሲጅን ወስደው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይመልሳሉ። ኦክሲጅኑ ሲያልቅ ሌሎች ባክቴሪያዎች በሰልፌት ሥራውን ይቀጥላሉ፤ ያን ጊዜ እንደ ተበላሸ እንቁላል የሚሸት ጋዝ ይወጣል።

በውቅያኖስም ነገሩ ይኸው ነው። ብርሃን ባለበት ውሃ በዓይን የማይታዩ ዕፀዋት ከአየር የገባውን ካርቦን ምግብ ያደርጉታል። ሲሞቱ፣ ወይም ተበልተው ኩስ ሲሆኑ፣ እንደ ገለባ ብናኝ ቀስ እያሉ ወደ ታች ይወርዳሉ። በመንገድ ግን ባክቴሪያና ትንንሽ እንስሳት ይጠብቋቸዋል። ጆን ማርቲንና ባልደረቦቹ በሰላማዊ ውቅያኖስ ለክተው በ1987 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባወጡት ስሌት መሠረት፣ በ100 ሜትር ጥልቀት 100 ኪሎ ካርቦን ቢያልፍ 1,000 ሜትር የሚደርሰው 14 ኪሎ ያህል ብቻ ነው።

እንግዲህ ዋናው ጥያቄ «የት ተበላ?» የሚለው ነው። ከላይ አካባቢ ከተበላ ጋዙ ፈጥኖ ወደ አየር ይመለሳል፤ ጥልቅ ወርዶ ከተበላ ግን ለብዙ መቶ ዓመታት ታስሮ ይቆያል። ሙቀት ደግሞ የባክቴሪያን ሥራ ያፋጥናል። ጎረቤታችን ቀይ ባሕር ከ2,000 ሜትር በታች እንኳ 21 ዲግሪ ገደማ ሲሆን፣ ታላላቆቹ ውቅያኖሶች በዚያ ጥልቀት ከ4 ዲግሪ እምብዛም አያልፉም። ውቅያኖሶች በሞቁ ቁጥር ካርቦኑ ጥልቅ ሳይደርስ ይበላል ተብሎ የሚሰጋው ስለዚህ ነው።

ጓደኞቼ ሆይ፤ የባሕር በር የለንም፤ አየሩ ግን የጋራ ነው። ክረምት የሚጠብቀው ገበሬያችን ባሕሩ የለቀቀውን ጋዝ ድርሻውን ይቀበላል። ስለዚህ ጥናቱን የሌሎች ብቻ አድርገን አንተወው፤ ከእጃችን ካለው እንጀምር። የኬሚስትሪና የባዮሎጂ ተማሪዎች በየወሩ ከሰፈሩ በላይና በታች ከትንሹ አቃቂ ውሃ ቀድተን፣ በዊንክለር ዘዴ ኦክሲጅኑን ብንለካ፣ ወንዛችን የቱ ላይ ትንፋሽ እንደሚያጥረው በቁጥር እናውቃለን። ለማዘጋጃ ቤት አቤት ስንልም ከሽታው ሌላ ማስረጃ ይኖረናል።

ፈቃደኛ የሆነ ሁሉ ከስብሰባው በኋላ ስሙን ያስመዝግብ። የቀለደብኝ ጓደኛዬ መጀመሪያ ተመዝግቧል።