ገበቴውና የትምህርት ዘመኑ

(በመምህራን ማኅበር ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ «የእጅ ሥራ ትምህርት በመምህራን ማሠልጠኛ» የሚል ነው። ርእሱ ሰፊ፥ ሰዓቱ ግን አጭር ስለ ሆነ፥ ነገሬን በአንድ ዕቃ ላይ ብቻ እንድወስን ፈቃዳችሁን እለምናለሁ። ዕቃውም በቶርኖ የሚወጣ የእንጨት ገበቴ ነው። በዚህ ዕቃ ምክንያት በእኛና ሥራችንን በሚመረምሩት ሹማምንት መካከል አንድ ያልተፈታ ክርክር አለና፥ እርሱን በግልጽ ማቅረብ ይሻላል።

ክርክሩ ይህ ነው። የትምህርት ዘመናችን በመስከረም ተከፍቶ በሰኔ ይዘጋል። ተቈጣጣሪውም በሰኔ መጥቶ «ሠልጣኞቹ ምን ሠሩ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ተወልውሎና ዘይት ተቀብቶ በጠረጴዛ ላይ የተደረደረ ዕቃም ማየት ይፈልጋል። በጥያቄው አልፈርድበትም፤ የሕዝብ ገንዘብ ወጥቶበታልና መጠየቅ ግዴታው ነው። ነገር ግን እንጨት የራሱ የዘመን አቈጣጠር አለው፤ ከሰኔም ጋር የተዋዋለው ውል የለም።

አሁን ከተቈረጠ ግንድ የተወሰደ እንጨት ከክብደቱ ሲሶው፥ አንዳንድ ጊዜም እኩሌታው ውሃ ነው። ይህ ውሃ በሁለት ስፍራ ይገኛል። አንደኛው በእንጨቱ ሕዋሳት ባዶ ቦታ የተጠራቀመው ሲሆን፥ እርሱ ሲወጣ እንጨቱ ይቀልላል እንጂ ቅርጹ አይለወጥም። ሁለተኛው በሕዋሳቱ ግድግዳ ውስጥ የሰረፀው ነው፤ እርሱ መውጣት ሲጀምር እንጨቱ ይኰማተራል። መኰማተሩም በሁሉ ወገን እኩል አይደለም። የዕድሜ ቀለበቱን ተከትሎ የሚኰማተረው፥ ከልቡ ወደ ቅርፊቱ ከሚኰማተረው እጥፍ ያህል ነው፤ በርዝመቱ በኩል ያለው ግን ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ስለዚህ እርጥብ ሳለ ክብ ሆኖ የወጣ ገበቴ ሲደርቅ እንቍላል መሰል ይሆናል። አንዱ ወገን ፈጥኖ ሌላው ዘግይቶ ከደረቀም ይሰነጠቃል።

ስሙን መጥራት በማያስፈልግ አንድ ትምህርት ቤት ይህ በግልጽ ታይቷል። ለዓመት መዝጊያ ትርኢት ሲባል እርጥብ ዋንዛ በግንቦት ተቀርጾ፥ ሳስቶ፥ ተወልውሎ ቀረበ፤ እንግዶቹም አጨበጨቡ። በመስከረም ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ከገበቴዎቹ የሚበዙት በጠረጴዛ ላይ ቀጥ ብለው መቀመጥ እንኳ ተስኗቸው ነበር። የሠሩት ሠልጣኞች ግን ከፍተኛ ነጥብ ተቀብለው ሄደዋል። ይልቁንም የሚያሳዝነኝ፥ ዛሬ በየወረዳው ሲያስተምሩ እንጨቱ ምን እንደ ሆነ ሳያዩ መቅረታቸው ነው።

የሙያው ሰዎች ለዚህ ችግር ያገኙት መፍትሔ ገበቴውን ሁለት ጊዜ መቅረጽ ነው። ግንዱ ልቡን ተከትሎ ለሁለት ይሰነጠቃል፤ ልቡ ራሱ የስንጥቅ ምንጭ ስለ ሆነ ተጠርቦ ይወጣል። የልቡ ወገን አፍ፥ የቅርፊቱ ወገን መቀመጫ እንዲሆን ተደርጎ በመጥረቢያ ይከበብና ከቶርኖው ራስ ጋር በብረት ሳሕን ይታሰራል። በመጀመሪያው ቅርጽ ግድግዳው ሆን ተብሎ ወፍራም ሆኖ ይቀራል። ልማዱ የወርዱን አንድ ዐሥረኛ መተው ነው፤ ወርዱ 30 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ውፍረቱ 3 ሳንቲ ሜትር ይሆናል ማለት ነው። ከዚያም ጠርዙ ሰም ተቀብቶ፥ ገበቴው በራሱ ፍቅፋቂ ተሸፍኖ ፀሐይና ነፋስ በማያገኘው ስፍራ ይቀመጣል። ወራት ቈይቶ ሲደርቅ ይጣመማል፤ ነገር ግን በውፍረቱ ውስጥ ትክክለኛ ክብ የሚወጣበት ሥጋ ተርፎለታልና እንደ ገና በቶርኖ ላይ ወጥቶ ይፈጸማል።

መድረቁ በምን ይታወቃል? በሚዛን። ሠልጣኙ በየሳምንቱ መዝኖ በደብተር ይጽፋል፤ ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም ገበቴው ደርቋል። መምህራን ሆይ፥ በዚህ ደብተር ላይ ጥቂት እንድትቈዩልኝ እወዳለሁ፤ ለእኔ ከገበቴው ይልቅ የከበረ ነውና። በጥቅምት የተጀመረው መስመር በመጀመሪያ ቍልቍል ይወርዳል፥ በበጋው እየለዘበ ይሄዳል፥ ክረምት ሲገባ ግን ጥቂት ወደ ላይ ይመለሳል። «ተሳስቼ መዘንሁን?» ብሎ የማይጠይቅ ሠልጣኝ የለም። አልተሳሳተም፤ ደረቅ እንጨት ከዝናቡ ወራት አየር እርጥበት መልሶ ይጠጣል። ይህን በመጽሐፍ ያነበበና በገዛ እጁ ጽሑፍ ያገኘው ሰው በክፍል ፊት ሲቆሙ አነጋገራቸው አንድ አይደለም።

ለሒሳብ መምህሩም ድርሻ አለው። ወርዱ 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ ገበቴ በደቂቃ 500 ጊዜ ቢዞር፥ ጠርዙ በሰዓት 28 ኪሎ ሜትር ያህል ይሮጣል፤ የመካከሉ ነጥብ ግን ፈጽሞ አይሄድም። መሮው ከጠርዝ ወደ መካከል ሲጓዝ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለውን ፍጥነት ሁሉ ያልፋል፤ እጅም ይህን ያውቀዋል። በውጭው በኩል ከመቀመጫው ወደ ጠርዙ፥ በውስጡ በኩል ከጠርዙ ወደ መካከሉ እንድንቀርጽ የሚያስገድደን ደግሞ የእንጨቱ ጭረት ነው። አቅጣጫውን የሳተ መሮ ጭረቱን ይነቅላል እንጂ አይቈርጥም፤ ይህንንም መምህሩ ከመናገሩ በፊት ድምፁ ይናገረዋል። በነገራችን ላይ፥ ነጠላና ክራባት በሚዞር ቶርኖ አጠገብ ስፍራ የላቸውም፤ የዓይን መከላከያ ሳይደረግም ማዞሪያው አይከፈትም። በዚህ ረገድ በማንም ላይ አላመነታም፥ በእንግዳም ቢሆን።

የምትጠይቁኝን ሁለት ነገር ዐውቃለሁ። አንደኛው እንጨቱ ከየት ይመጣል የሚል ነው። ዋንዛ ለዚህ ሥራ እጅግ የተመቸ ነው፤ ሆኖም በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን ዐዋጅ ዋንዛን፥ ዝግባን፥ ጥድንና ኮሶን በስም ለይቶ ከመንግሥት ደን እንዳይቈረጡ ከልክሎ እንደ ነበር ሠልጣኞቻችን ሊያውቁ ይገባል። በትምህርት ቤት አጥር የተተከለ ግራቪላ ሲከረከም ለጀማሪ ይበቃል። ሁለተኛው የኤሌክትሪክ ኃይል የሌለበት ትምህርት ቤት ምን ያድርግ የሚል ነው። ቶርኖ ከኤሌክትሪክ እጅግ ይቀድማል፤ በግብፅ በጴጦሲሪስ መቃብር ላይ፥ ከክርስቶስ ልደት በፊት 300 ዓመት ገደማ፥ ሁለት ሰዎች ቶርኖ ሲሠሩበት ተቀርጾ ይታያል። በእግር የሚረገጠው ቶርኖም ተጣጣፊ ባሕር ዛፍ፥ ገመድና መርገጫ ካገኘ ይሠራል። እግር ሲረግጥ ይቈርጣል፥ እንጨቱ ሲመለስ መሮው ያርፋል። አዝጋሚ ነው፤ እርጥብ እንጨት ግን ለስላሳ ስለ ሆነ ለመጀመሪያው ቅርጽ ያገለግላል።

ዐፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው መስደብን በዐዋጅ ከከለከሉ፥ ከ1900 ዓ.ም. ወዲህ፥ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል። ዛሬ በግልጽ የሚሰድብ ጥቂት ነው። የእጅ ሥራን ለትርኢት ብቻ መፈለግ ግን ከስድቡ ብዙ የሚርቅ አይመስለኝም።

እንግዲህ ልመናዬ ይህ ነው። ሠልጣኞቻችን ከአንድ ዓመት በላይ ከእኛ ጋር ይቈያሉና፥ በመጀመሪያው ዓመት በጥቅምት ሻካራውን ቅርጽ ያውጡ፥ በሁለተኛው ዓመት ኅዳር ይፈጽሙት። ነጥቡም ለሁለት ይከፈል። በመጀመሪያው ሰኔ የሚመጣው ተቈጣጣሪ ያማረ ዕቃ አያገኝም፤ የተጣመመ፥ ወፍራም፥ ሰም የተቀባ ነገር ነው የሚያገኘው። እርሱን ገልብጦ ከሥሩ የተጻፈውን ቁጥር ከደብተሩ ጋር ያመሳክር፤ ከፈለገም ራሱ ይመዝነው።

ባለፈው ጥቅምት የወጡ ሦስት ገበቴዎች ከነደብተራቸው በኋላ ባለው ጠረጴዛ ላይ ናቸው። አንዱ ተሰንጥቋል፤ በየትኛው ሳምንት እንደ ተሰነጠቀና ያን ጊዜ የት ተቀምጦ እንደ ነበር ተጽፏል። ሚዛኑም አጠገቡ አለ።