ተውጦ የተረሳ ባዕድ ነገርና የጉበት መግል



የጉበት መግል በተነሣ ቁጥር የአገራችን ሐኪም አስቀድሞ አሜባን ያስባል፤ ተገቢም ነው። እኔ የማነሣው ግን ብዙ ጊዜ የሚዘነጋውን መንስዔ፣ ተውጦ የተረሳ ባዕድ ነገርን ነው። ላምበርት በ1898 እ.ኤ.አ. ከገለጸው ወዲህ የዓሣና የዶሮ አጥንት፣ ስቴኪኒና መርፌ በተደጋጋሚ ተዘግበዋል።

የተዋጠ ነገር አብዛኛውን ጊዜ ያለ ጉዳት ይወጣል። ጥቂቱ ግን ጨጓራን ወይም የቀጭኑን አንጀት መጀመሪያ በስቶ፣ በይበልጥ ወደ ጉበት ግራ ክፍል ይዘልቃል፤ ተሕዋስያንንም ይዞ ይገባል። ሕመምተኛው መዋጡን አያስታውስም፤ ትኩሳቱም ታይፎይድ ሊመስል ይችላል። እንጨትና ቀጭን አጥንት በራጅ እምብዛም ስለማይታዩ አልትራሳውንድ፣ ከተቻለም ሲቲ ስካን ያሻል።

መግሉ ቢቀዳና መድኃኒት ቢሰጥም፣ ባዕዱ ነገር ካልወጣ ሕመሙ ያገረሻል። ነዋሪዎቿ በ2008 ዓ.ም. ወደ ደባርቅ እስኪዛወሩ ድረስ በስሜን ተራሮች ላይ እንደ ነበረችው እንደ ጊች ካለ የደጋ መንደር ለሚመጣ ሕመምተኛ፣ ሁለተኛው ምልልስ ከአቅም በላይ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ በሜትሮኒዳዞል ያልተሻለውን መግል እንጠርጥር፤ በመጀመሪያው ቀንም እንጠይቅ፦ «እናቴ፣ ሲሰፉ መርፌ በአፍዎ ይይዛሉ?» ይህ ጥያቄ ወጪ የለውም።