የሴት ልጅ ክብር በማን ሚዛን?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።

በዛሬው ዝግጅታችን የምንነጋገረው ማስታወቂያ፣ ፊልምና ስልክ የሚያሳዩት የሴት ምስል በእህቶቻችንና በሴት ልጆቻችን ልብ ውስጥ ስለሚተክለው ነገር ነው።

በአገራችን ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው በ1957 ዓ.ም ነው። ገጠር እስኪደርስ ግን ብዙ ዓመታት ፈጅቷል። እንደ ቀየት ባሉ የሰሜን ሸዋ ደጋዎች ልጃገረድ ራሷን የምታስተያየው አብራት ውኃ ከምትቀዳ እኩያዋ ጋር ነበር። የምትመሰገነውም በጠባይዋና በሙያዋ፣ ለባና የሚሆነውን የበግ ጠጉር አሳምራ በመፍተሏ ነበር። በኋላ የሳተላይት ዲሽ መጣ። በ2008 ዓ.ም ቃና ቴሌቪዥን የቱርክ ተከታታይ ፊልሞችን በአማርኛ ድምፅ ማቅረብ ጀመረ። ዛሬ ደግሞ ሁሉም በእጅ ስልክ ውስጥ አለ። ስልኩ ራሱ ፊትን አቅልቶ፣ አፍንጫን አቅጥኖ ያሳያል። ልጅቱ አሁን የምትወዳደረው ከጎረቤቷ ልጅ ጋር አይደለም፤ በመብራት፣ በቀለምና በኮምፒውተር ከተሠራች፣ በእውኑ ዓለም ከሌለች ሴት ጋር ነው።

ይህ የሚያመጣውን ጉዳት ለመረዳት የፊጂን ታሪክ እንመልከት። በዚያች የፓስፊክ ደሴታዊ አገር ሞላ ያለ ሰውነት የጤናና የደስታ ምልክት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1995 ናድሮጋ ወደሚባለው አውራጃ ቴሌቪዥን ገባ። አን ቤከር የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ በዚያው ዓመት የጠየቀቻቸው ልጃገረዶች መካከል ለመክሳት ብላ የበላችውን የምታስመልስ አንዲትም አልነበረችም። ከ3 ዓመት በኋላ በ1998 ግን ከመቶ 11 ያህሉ ይህን ያደርጉ ነበር። ሰውነታቸው አልተለወጠም፤ የተለወጠው ራሳቸውን የሚያዩበት ዓይን ነው።

በእኛ አገር ቁስሉ ይበልጥ የሚታየው በቆዳ ቀለምና በጠጉር ላይ ነው። ጠይሟ ልጅ ክሬም ተቀብታ ስትቀላ ሥራና ባል እንደምታገኝ የሚሰብክ ማስታወቂያ ለዓመታት በዓለም ዙሪያ ታይቷል። «ፌር ኤንድ ላቭሊ» የተባለው ክሬም ወቀሳ በዝቶበት እ.ኤ.አ. በ2020 ስሙን ቀይሯል። ቆዳ እናቀላለን ከሚሉት ቅባቶች አንዳንዶቹ ሜርኩሪ እንዳለባቸውና ይህም ኩላሊትን እንደሚጎዳ የዓለም ጤና ድርጅት አስጠንቅቋል። አስተውሉ! ነጋዴው ቅባቱን ከመሸጡ በፊት አንድ ነገር መሸጥ አለበት፤ እርሱም «አንቺ ጎደሎ ነሽ» የሚለው ቃል ነው። ይህን ካላመነች አትገዛውም።

በሕግ በኩል የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 የሴቶችን ክብር የሚነካ ማስታወቂያን ይከለክላል። ይህ መልካም ነው። ሆኖም በልጅቱ ልብ ውስጥ የገባውን ቃል አዋጅ ብቻውን አያወጣውም።

ውድ ወንድሞችና እህቶች! አላህ (ሱ.ወ) ሰውን ባማረ አቋም እንደፈጠረው በሱረቱ አት-ቲን ነግሮናል። በሱረቱ አል-ሑጁራት 11ኛ አንቀጽ ሴቶች በሴቶች እንዳይሳለቁ ለይቶ ከልክሏል። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) አላህ የሚመለከተው መልካችንን ሳይሆን ልባችንንና ሥራችንን መሆኑን አስተምረዋል። ይህንንም በተግባር አሳይተዋል። ያሳደጓቸው ኡሙ አይመን (ረ.ዐ) ሐበሻዊት ነበሩ፤ እንደ እናታቸውም ያከብሯቸው ነበር። መስጊድ ትጠርግ የነበረች አንዲት ጥቁር ሴት ሞታ ሳይነገራቸው ብትቀበር፣ ለምን እንዳልነገሯቸው ባልደረቦቻቸውን ጠይቀው ከቀብሯ ላይ ሰግደውላታል። ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) የጀነት ሰው የሆነች ሴት ላሳይህ ብለው ለዐጣእ ያመለከቱትም በሚጥል በሽታ የምትሠቃይ፣ በትዕግሥቷ ጀነት የተበሰረች ጥቁር ሴት ነበረች።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ቴሌቪዥኑን መስበር መፍትሔ አይደለም፤ ስክሪኑ የሚለውን በቤታችን አለመድገም ግን ግዴታችን ነው። ለልጁ ሚስት የሚፈልግ አባት ከዲኗ በፊት «ቀይ ናት ጥቁር?» ብሎ ከጠየቀ፣ ከማስታወቂያው ምን ለየው? እናትም ልጇን «አንቺ ጥቋቁር» እያለች በቀልድ የምትጠራት ከሆነ፣ ልጅቱ ቀልዱን ቀልድ ብላ አትሰማውም። ዳዒዎችና ኢማሞችም እናስብበት። በሚንበር ላይ ስለ ሴት የሚነገረው ሁሉ ስለ አለባበሷ ብቻ ከሆነ፣ እርሷ አካል ብቻ እንደሆነች በሌላ ቋንቋ እየነገርናት ነው። ሒጃብ የክብሯ ጠባቂ ነው፤ ከሒጃቡ ሥር ዕውቀት፣ አእምሮና ኢማን ያላት ሰው መኖሯን አብረን እንናገር። ልጆቻችንን በትምህርታቸው፣ በታማኝነታቸውና በርኅራኄያቸው እናመስግናቸው። የአባት አንድ የምስጋና ቃል ከብዙ ማስታወቂያ ይከብዳል።

አንቺም እህቴ፣ መስታወት ፊት ስትቆሚ ሠሪሽ ማን እንደሆነ አስታውሺ። እርሱ በሥራው አይሳሳትም።

አላህ የሴት ልጆቻችንን ልብ ይጠብቅልን፣ አንደበታችንንም ያስተካክልልን። አሚን።