ከካርታው በፊት ሰውን መቍጠር

(ስለ አልፕስ ተራሮች ጉዞ በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ማኅበራችን ለዕረፍቱ ወራት አንድ የመኪና ጉዞ እንድናዘጋጅ አደራ ከሰጠን ወዲህ፥ ያገኘን ሰው ሁሉ የሚጠይቀን «ስንት አገር እናያለን?» እያለ ነው። የአልፕስ ተራሮች 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝሙና በስምንት አገሮች የተከፋፈሉ ስለ ሆኑ ጥያቄው አያስገርምም። እኛም በመጀመሪያው ምሽት ካርታውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን፥ በስድስት ቀን ስድስት አገር የሚያዳርስ መስመር አሰመርን። በማግስቱ ግን መስመሩን ራሳችን ሰረዝነው። ዛሬ በፊታችሁ የቆምነው ለምን እንደ ሰረዝነውና በምትኩ ምን እንደምናቀርብ ለማስረዳት ነው።

የመጀመሪያው ምክንያት ተራራው ራሱ ነው። በካርታ ላይ የአንድ ጣት ስፋት የምታህል ርቀት በተራራ ላይ ግማሽ ቀን ትፈጃለች። ባገራችን መንገድ ተራራን የሚሻገርበትን ቦታ ጣርማ በር እንደምንለው «በር» እንለዋለን፤ የአልፕስ በሮች ደግሞ በእውነት የሚዘጉ በሮች ናቸው። ከባሕር ወለል በላይ 2,757 ሜትር የሚደርሰው የስቴልቪዮ በር በረዶው ተጠርጎ አብዛኛውን ጊዜ የሚከፈተው በግንቦት መጨረሻ ወይም በሰኔ መጀመሪያ ገደማ ሲሆን፥ በጥቅምት መጨረሻ አካባቢ መልሶ ይዘጋል። በዚህ ከፍታ በነሐሴ እንኳ በረዶ ሊጥል ይችላል። ስለዚህ ጉዞው የሚሆነው በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ በየማለዳውም የበሮቹን ሁኔታ ጠይቀን እንጂ በግምት አንነሣም።

ያቀረብነው መስመር ከኢንስብሩክ ተነሥቶ ወደ ኢንስብሩክ የሚመለስ፥ አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ የሦስት ቀን ዙሪያ ነው። የሚነካውም አራት አገር ነው፤ ኦስትሪያን፥ ሊኽተንሽታይንን፥ ስዊስንና ኢጣልያን።

በመጀመሪያው ቀን ወደ ምዕራብ በአርልበርግ በር፥ በ1,793 ሜትር ላይ እናልፋለን። ከሥሩ በ1978 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር ናቸው) የተከፈተ 14 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም ዋሻ አለ፤ ነገር ግን ዋሻው ገንዘብ ያስከፍላል፥ ተራራውንም አያሳይም። ከዚያ በፌልድኪርኽ፥ በፋዱትስና በማይንፌልድ አድርገን ዳቮስ እንደርሳለን።

በሁለተኛው ቀን የፍሉዌላን በር (2,383 ሜትር) ተሻግረን፥ በ1914 የተቋቋመውን የስዊስ ብቸኛ ብሔራዊ ፓርክ እያየን ወደ ሙስታይር ሸለቆ እንወርዳለን። በዚያ ከሺህ ዓመት በላይ ያስቈጠረ፥ ግድግዳው በጥንት ሥዕል የተሸፈነ የቅዱስ ዮሐንስ ገዳም ይገኛል። የሸለቆው ሕዝብ የሚናገረው ሮማንሽ የተባለውን ቋንቋ ነው፤ ተናጋሪዎቹ ጥቂት ሆነው ሳለ የስዊስ ሕዝብ በ1938 ድምፅ ሰጥቶ አራተኛ ብሔራዊ ቋንቋ አድርጎታል። ስለ ቋንቋ በየስብሰባው የምንከራከር እኛ ይህን በዓይናችን ብናይ አይከፋም። እዚያው እናድራለን።

በሦስተኛው ቀን ማልደን በኡምብራይል በር (2,501 ሜትር) ወደ ኢጣልያ ገብተን ስቴልቪዮ እንወጣለን። ይህን መንገድ ከ1820 እስከ 1825 ድረስ ካርሎ ዶኔጋኒ የተባለ መሐንዲስ የሠራው፥ የኦስትሪያ መንግሥት በዚያን ጊዜ ይገዛው የነበረውን ሎምባርዲያን ከቲሮል ጋር ለማገናኘት ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት በእነዚሁ የበረዶ ተራሮች ላይ የኢጣልያና የኦስትሪያ ወታደሮች ተዋግተውበታል። ከጦርነቱ በኋላ ደቡብ ቲሮል ለኢጣልያ ተሰጠ፤ ዛሬ የመንገዱ ሁለት ጫፍ ኢጣልያ ውስጥ ነው፥ በቍልቍለቱ ግርጌ ያለው ሕዝብ ግን እስከ አሁን ጀርመንኛ ይናገራል። መንገዱ ከቦታው ሳይነቃነቅ ድንበሩ ተነቃነቀ ማለት ነው። ወደ ሰሜን ስንመለስ በሬሽን ሐይቅ ውስጥ ብቻውን የቆመ የቤተ ክርስቲያን ግንብ እናያለን። ሐይቁ ለኤሌክትሪክ ኃይል ሲባል በ1950 ውሃ ሲሞላ ግራውን የምትባለው መንደር ሰጥማ የቀረው እርሱ ነው።

አሁን ስለ ነጂዎቻችን እንናገር። ከስቴልቪዮ ጫፍ እስከ ፕራድ ከተማ ድረስ በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ 48 እጥፋት እየታጠፈ ከ1,800 ሜትር በላይ ይወረዳል። በሊማሊሞ የወረደ ሰው ነገሩን ያውቀዋል፤ ቍልቍለት የሚወረደው በማርሽ እንጂ በፍሬን አይደለም። ፍሬኑን ረግጦ የሚወርድ ሰው ፍሬኑ ግሎ መያዝ ሲያቅተው የሚረዳው የለም። በጠባብ ቦታ ለሚወጣው መኪና የሚወርደው ይለቅለታል። በስዊስ የተራራ መንገድ ደግሞ የቢጫውን የፖስታ አውቶቡስ ጥሩምባ የሰማ ነጂ ዳር ይዞ ያሳልፈዋል። ስለዚህ በተራራ ላይ ነድቶ የማያውቅ ጓደኛ ሜዳውን ይንዳ፤ በሮቹን የለመዱት ይንዱ። ይህ ክብርን መንካት አይደለም፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፥ በዚያ ገደል ላይ ግን የሚለቀም ነገር አይተርፍም።

ስለ ወጪው አጭር ነገር እንጨምር። የስዊስን ፈጣን ጎዳና የሚረግጥ መኪና የዓመት ቦሎ በ40 ፍራንክ መግዛት አለበት፤ ለአንድ ሰዓትም ቢሆን የሚከፈለው የዓመት ነው። እኛ ግን ከሊኽተንሽታይን ወደ ማይንፌልድ በትንሿ የሉትሲሽታይግ መንገድ፥ ከዚያም በመንደሮቹ መካከል ብንሄድ ይህን ገንዘብ ለስንቅ እናውለዋለን። የኪራይ መኪና ስንይዝም በውሉ ላይ አራቱም አገሮች መጠቀሳቸውን፥ የነጂዎቹም መንጃ ፈቃድ በአራቱም አገሮች መሥራቱን አስቀድመን ማረጋገጥ ይገባናል። አንጸባራቂ ሰደርያ፥ የአደጋ ምልክትና የመጀመሪያ ርዳታ ሣጥን በመኪናው ውስጥ ይኑሩ። ስዊስና ሊኽተንሽታይን ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ስለ ሆኑም ጉምሩክ ሥጋና መጠጥ ሊቈጥር ይችላል፤ ክትፎ ጭኖ ለመሻገር ያሰበ ካለ ከወዲሁ ሐሳቡን ይለውጥ።

የመጀመሪያውን መስመር ያሰረዘን ሁለተኛው ምክንያት ግን ከተራራውም ከገንዘቡም ይበልጣል፤ ይኸውም የወረቀት ጉዳይ ነው። ስዊስ በ2008፥ ሊኽተንሽታይን በ2011 በሼንገን ስምምነት ውስጥ ስለ ገቡ፥ የተማሪ መኖሪያ ፈቃድና የሚሠራ ፓስፖርት ያለን ሰዎች በአራቱም አገሮች እንደ ልባችን እንዘዋወራለን። ስደተኝነታቸው ታውቆ የጉዞ ሰነድ የተሰጣቸውም እንዲሁ። ነገር ግን በመካከላችን ጉዳያቸው ገና ያልተወሰነላቸው ወንድሞችና እኅቶች አሉ። የያዙት ካርድ በአገሩ ውስጥ ያስቀምጣቸዋል እንጂ ድንበር አያሻግራቸውም።

አንዳንዶች «በኬላው ላይ ማን አለ? ማን ያያል?» ብለውናል። መልሳችን አጭር ነው። መንግሥታቱ በየጊዜው ቍጥጥሩን ይመልሱታል፤ ማንም ባይኖርም ሕጉ አለ። ነገሩ ቢበላሽ ለእኛ የሦስት ቀን ሽርሽር መቋረጥ ነው፤ ለእርሱ ግን የዓመታት ጥበቃው ነው። በሰው ዕድል ቍማር መጫወት የማኅበር ሥራ አይደለም። «እንግዲያው እርሱ ይቅር» የሚለውንም አልተቀበልነውም፤ በባዕድ አገር የተሰባሰብነው ማንም ብቻውን እንዳይቀር ነውና።

ስለዚህ የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ተመዝጋቢዎች ሁሉ የወረቀታቸውን ነገር ለጸሐፊያችን ብቻ በግል ይንገሩ። ድንበር መሻገር የማይችል አንድ ሰው እንኳ ከተገኘ፥ ማን እንደ ሆነ ሳይነገር፥ ሁላችንም ጉዞውን በኦስትሪያ ውስጥ ወደ ግሮስግሎክነር መንገድ እናዞራለን። ይህ በ1935 የተከፈተ፥ 48 ኪሎ ሜትር ርዝመትና 36 እጥፋት ያለው፥ እስከ 2,504 ሜትር የሚወጣ መንገድ ነው፤ 3,798 ሜትር የሚደርሰውን የኦስትሪያን ረዥሙን ተራራና ከሥሩ የተኛውን፥ ከዓመት ወደ ዓመት እየሸሸ የሄደውን የፓስቴርሴን የበረዶ ግግር ያሳያል። ለመኪና የሚከፈል ገንዘብ አለው፥ ሌሊትም ይዘጋል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፤ ከኢንስብሩክ ወደ ሳልስቡርግ የሚወስደው ፈጣን ጎዳና በመካከሉ ጀርመንን ያቋርጣል። ስለዚህ በኪትስቡኽልና በቱርን በር አድርገን እስከ መጨረሻው ኦስትሪያን ሳንለቅ እንሄዳለን።

ይህን ስንል ስቴልቪዮን አንወድም ማለታችን አይደለም፤ ሁለት መቶ ዓመት የቆየ መንገድ ለሚመጣው ዓመትም ይቆየናል። ያን ጊዜ ደግሞ ዛሬ የሚጠብቀው ጓደኛችን ወረቀቱን ይዞ፥ ምናልባትም መሪውን እርሱ ጨብጦ፥ አብረን እንወጣዋለን ብለን ተስፋ እናደርጋለን።

እንግዲህ ሐሳቡን መርምራችሁ ድምፅ እንድትሰጡበት ለጉባኤው አቅርበናል።