ድንጋይ የተሸከሙ ንጉሥ

(የማኅበራችን ጸሐፊ በጠቅላላ ስብሰባው ላይ ያደረጉት ንግግር)



ክረምቱን የተክለ ጻድቅ መኩሪያን «አፄ ቴዎድሮስና የኢትዮጵያ አንድነት» ሳነብ ከረምኩ። ትምህርቴ አንደኛ ደረጃ ስለሆነ ቀስ እያልኩ ነው የጨረስኩት።

ልቤን የነካው ጀግንነታቸው ብቻ አይደለም። በ1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖል የተባለውን፣ 70 ኩንታል ያህል የሚመዝነውን መድፍ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ መንገድ አልነበረም። ወደ ስድስት ወር ፈጀ። ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ እያነሡ መንገድ ጠረጉ። እዚህ ላይ እንባዬ መጣ።

ግን ይህንንም እንይ። በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን አቃጥለው ነበርና ሕዝቡ ርቋቸዋል። የእንግሊዝ ጦር ሲመጣ የሚቆምላቸው አነሰ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. እጄን አልሰጥም ብለው በሽጉጣቸው ሞቱ።

እኛም ዲላ ላይ ከዚህ ሁለት ነገር እንያዝ። ኮሚቴው አካፋ ይያዝ፤ አባሉም ይደመጥ። በልጉ ሳይገባ፣ የፊታችን ቅዳሜ ቦዩን እንጠርጋለን። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ የኮሚቴው ሰዎች ቀድመን እንገኛለን። ሥራው ሲያልቅ ቅሬታ ያለው ይናገር፣ እዚያው ቆመን እንሰማለን።