ሁለተኛዋ ሞተር ሳይክል ለማን ትገዛ?

ለአጥቢያ ሰበካ ጉባኤያትና ለልማት ክፍል ኃላፊዎች የቀረበ ንግግር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ዛሬ የምናቀርበው ጉዳይ ከሕንፃ ሥራና ከስብከተ ወንጌል አጠገብ ሲቆም ትንሽ ይመስላል፤ አንዲት ሞተር ሳይክል ስለ መግዛት ነውና። ነገር ግን ገንዘቡ የምእመናን ዐሥራትና መባ ነው፤ በላይዋ የሚቀመጠውም ሰው ነው። ስለዚህ ያጋጠመንን ሳንደብቅ ልንነግራችሁ ወደድን።

የምናገለግለው በቂርቆስ ክፍለ ከተማ ነው። በ2017 ዓ.ም. የካዛንቺስ መልሶ ማልማት ሲጀመር ብዙ ምእመናን ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች አካባቢዎች ሄዱ። ሌሎች ደግሞ እዚሁ በክፍለ ከተማው ቤት እየተከራዩ በየመንደሩ ተበተኑ። ቀድሞ በአንድ ጠዋት በእግራችን የምናዳርሳቸው የአልጋ ቁራኛ የሆኑ እናቶችና አባቶች፣ አሁን መድኃኒታቸውንም ጠያቂያቸውንም እየጠበቁ ቀኑ ይመሽባቸው ጀመር። ያለችን አንዲት ሞተር ሳይክል አልበቃችም። ሁለተኛ ይገዛ ተባለ።

ኮሚቴያችን ያለ ብዙ ክርክር «የመጀመሪያዋን ዓይነት፣ ከተቻለም ጉልበቷ የበለጠ» ወደሚል አሳብ አዘነበለ። የመጀመሪያዋ ለገጠር መንገድ የተሠራች፣ ከፍ ያለች ናት፤ ነባሩ አገልጋያችን ለዓመታት ያለ ችግር ነድቷታል። ስሕተታችን ምክር የጠየቅነው እርሱን ብቻ መሆኑ ነበር። አዲሷን የሚነዳት እርሱ አልነበረም፤ መንጃ ፈቃድ ገና ያወጣ ወጣት ዲያቆን ነበር። ከኋላው የምትቀመጠውም የቤት ለቤት ጉብኝቱን የምታስተባብረው እኅታችን ነበረች።

ይህን የተረዳነው በቅጽራችን ውስጥ ነው። ዲያቆኑ በነባሯ ሞተር ብቻውን ጥቂት ከዞረ በኋላ እኅታችንን ለማፈናጠጥ ቆመ። እርሷ ስትወጣ ክብደቱ ወደ አንድ ወገን አደላ፤ የእርሱ እግር መሬት የሚነካው በጣቱ ብቻ ስለነበር ሊደግፍ አልቻለም፤ ሁለቱም ወደቁ። የጋለው ማርሚታ የእኅታችንን ባት አቃጠለው። ቁስሉ እስኪድን ጉብኝቱ ተቋረጠ። መኪና አልገጨንም፤ መንገድ እንኳ አልወጣንም። ቆመን ሳለን ወደቅን።

አባቶቻችን በቅሎ ሲመርጡ ይህን ያውቁ ነበር። ለአረጋዊና ለእንግዳ የምትቀርበው ገርና ሰጋር የሆነችው ናት፤ ብርቱዋንና ደንባራዋን የሚያውቃት ይቀመጥባታል። እኛም ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥያቄያችንን ለወጥን፤ «ጎበዙ ነጂ የቱን ይወዳል?» ማለትን ትተን «ጀማሪውና ተፈናጣጩ በየትኛዋ ይጠበቃሉ?» አልን።

መጀመሪያ ያየነው ቁመትን ነው። ነጂው ተቀምጦ ሁለቱም እግሮቹ በሙሉ መሬት መርገጥ አለባቸው። የመቀመጫው ከፍታ ከ80 ሴንቲ ሜትር ባይበልጥ ለብዙዎች ይመቻል፤ እውነተኛው መለኪያ ግን የሚነዳው ሰው እግር ስለሆነ ነጂው ራሱ ተቀምጦ ሳይሞክር አይገዛ።

ሁለተኛው ጉልበት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ያለች ናት። አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ የነዳጅ ሞተር በቆላ ካለው ጉልበት ሩብ ያህሉን ያጣል። ስለዚህ ባለ 100 ሲሲዋ ሁለት ሰው ይዛ ከመስቀል አደባባይ ሽቅብ ወደ ካዛንቺስ ስትወጣ ትደክማለች፤ ከ125 እስከ 150 ሲሲ ያላት ትበቃለች። ከዚያ የሚበልጠው ለጀማሪ ፈተና እንጂ እርዳታ አይሆንም።

ሦስተኛው የተፈናጣጩ ቦታ ነው። ረጅምና ጠፍጣፋ መቀመጫ፣ ጠንካራ የእግር መርገጫ፣ የእጅ መያዣ፣ የማርሚታ መከለያ፣ ነጠላና ቀሚስ እንዳይጠመጠም የካቴናና የኋላ ጎማ ሽፋን ሊኖራት ይገባል። ሁለት ሰው ሲጫን የኋላው ጎማ ነፋስ በመመሪያው መሠረት ይጨመር። ፍሬን ለመያዝም ርቀቱ ስለሚረዝም፣ ጀማሪው የፊትና የኋላ ፍሬንን አስተባብሮ መያዝን አስቀድሞ ብቻውን ይለማመድ። በክረምት ኮብልስቶኑ ያንሸራትታልና ልምምዱ በደረቅ ቀን ብቻ አይብቃ።

የኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክልንም መርምረናል። አብዛኞቹ ፍሪሲዮንና ማርሽ ስለሌላቸው ለጀማሪ ይቀላሉ፤ የአየሩ መሳሳትም ጉልበታቸውን አይቀንስም። ሆኖም ሻጩ የሚነግራችሁ ርቀት ብዙ ጊዜ አንድ ሰው በሜዳ ሲነዳ የሚገኘው ነው፤ ሁለት ሰውና ዳገት ባትሪውን ቶሎ ይጨርሳሉ። የባትሪውን ዋስትናና የመተኪያውን ዋጋ በጽሑፍ ጠይቁ። ድምፅ ስለሌላትም እግረኛ አይሰማትም፤ በጠባብ መንደር በዝግታ ትሂድ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ፈቃድ ይቅደም። በአዲስ አበባ ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ሞተር ሳይክል ያለ ልዩ ፈቃድ እንዳይንቀሳቀስ መከልከሉን ታስታውሳላችሁ። ምክንያቱ በሞተር የሚፈጸመው ቅሚያ ነበር፤ ስለዚህ ሁለት ሰው የተቀመጠባት ሞተር ዛሬም በጥርጣሬ ብትታይ አያስደንቅም። ሰው ማፈናጠጥ በፈቃዱ መካተቱን በደብዳቤ ሳታረጋግጡ ክፍያ አትፈጽሙ። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ የሆነውን የሦስተኛ ወገን መድን ስትገቡም ተፈናጣጩ የሚሸፈን መሆኑን ከውሉ አንብቡ።

እኛ በመጨረሻ የተስማማንበት ይህ ነው። አዲሷ ዝቅ ያለች የኤሌክትሪክ ሞተር ትሁን፤ በቂርቆስና በካዛንቺስ ብቻ ትሥራ፤ ማታ በቅጽራችን ባትሪዋ ይሞላ። ወደ ገላን ጉራ ነባሩ አገልጋይ በነባሯ ይሂድ። ዲያቆኑ ሦስት ወር ብቻውን ሳይነዳ ማንንም አያፈናጥጥ። ሁለት የራስ ቁር ከሞተሯ ጋር በአንድ በጀት ይገዛ፤ ከተረፈ ገንዘብ አይጠበቅ። እኅታችንም «ዛሬ አልቀመጥም» ካለች ምክንያት አትጠየቅ፤ የታክሲ ይከፈላት።

ሞተሯ ብትዘገይ አረጋውያኑ ይጎዳሉ፤ ይህን እናውቃለን። በጥድፊያ ብትገዛ ደግሞ ጠያቂዎቻቸውን ታሳጣቸዋለች። ደጉ ሳምራዊ ቁስለኛውን በገዛ አህያው ሲያስቀምጥ እርሱ በእግሩ ሄዷል፤ ያሰበው ለተቀመጠው እንጂ ለመድረሱ ፍጥነት አልነበረም። እኛም ስንመርጥ አሳባችን ከኋላ ከሚቀመጠው ይጀምር።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።