ከንቱ ውዳሴና የከዕብ ምድጃ



ምስጋና ሁሉ ለአላህ (ሱ.ወ) የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነብያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሶሃቦቻቸው ላይ ይሁን።

ውድ ጀመዓዎች! ዛሬ ስለ ዛቻ አልናገርም። ዛቻን ለምደነዋል፤ ሲዛትብን ይበልጥ እንሰባሰባለን። የምፈራላችሁ ሙገሳን ነው።

በ9ኛው ዓመተ ሂጅራ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወደ ተቡክ ሲዘምቱ ከዕብ ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ) ያለ በቂ ምክንያት መዲና ቀረ። ሲመለሱ ሌሎች ቀሪዎች ሰበብ እየደረደሩ ማሉ፤ ከዕብ ግን እውነቱን ተናገረ። እርሱና ሁለት ጓደኞቹ ሰው ሳያናግራቸው 50 ሌሊት ቆዩ። በዚያ ጭንቅ ውስጥ ሳለ፣ እህል ሊሸጥ ከሻም የመጣ ሰው ገበያ ላይ ፈልጎ አገኘውና ከገሳን ንጉሥ የተላከ ደብዳቤ ሰጠው። መልእክቱ መገፋቱን እንደሰሙ፣ እርሱ ለውርደት የሚገባ ሰው እንዳልሆነ፣ ወደ እነርሱ ቢመጣ እንደሚያከብሩት የሚገልጽ ነበር።

ልብ በሉ! ንጉሡ ሰይፍ አልላከም፤ ሙገሳ ላከ። የላከውም የከዕብ ልብ በቆሰለ ጊዜ ነው። ከዕብ ግን ይህም ሌላ ፈተና መሆኑን አውቆ ደብዳቤውን ምድጃ ውስጥ ማገደው። ኪሱ ከትቶ አላቆየውም። በ50ኛው ንጋት ተውባው ተቀባይነት ማግኘቱ ተበሰረ።

እኔም ተፈትኛለሁ። አንድ ስብሰባ ተጠርቼ ሄድኩ። ሻይ ቀረበልኝ። “አንተ የተማርክ ኡስታዝ ነህ፤ እንደ ሌሎቹ አይደለህም” ተባልኩ። ወላሂ ደስ አለኝ! ጥቂት ቆይቶ ወረቀት መጣ፤ ይህ ጥያቄ የጥቂት ሰዎች እንጂ የሕዝበ ሙስሊሙ አይደለም ብዬ እንድፈርም። “ሌሎቹ” የተባላችሁት እናንተ መሆናችሁ ያኔ ገባኝ። አልሐምዱሊላህ፣ አልፈረምኩም። እስክሪብቶውን ማንሳቴን ግን አልደብቃችሁም።

ሙገሳ ከውጭ ብቻ አይመጣም። እኛም ንግግሩ ያማረልንን ሰው በተክቢራ እናሰክረዋለን። ከዚያ በኋላ የሚመክረው ሁሉ ጠላቱ ይመስለዋል። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወንድሙን ፊት ለፊት ያሞገሰን ሰው አንገቱን እንደቆረጠበት ነግረውታል። አቡበክር (ረ.ዐ) ኸሊፋ በሆኑ ጊዜ እርሳቸው ከሕዝቡ የተሻሉ እንዳልሆኑና ከተሳሳቱ እንዲያቃኗቸው ነበር የተናገሩት። እኛስ መሪዎቻችንን የምንወደው በጭብጨባ ነው ወይስ በምክር?

ስለዚህ ስትሞገሱ ነፍስያችሁን ጠይቋት፦ የተባለው ነገር በእርግጥ በእኔ አለ? ከማን ሊነጥለኝ ነው? ቀጥሎስ ምን ሊያስፈርመኝ ነው? መልሱ ካላማራችሁ ምድጃው ቅርብ ነው።

አላህ ኢኽላሱን ይስጠን፤ አንድነታችንን ይጠብቅልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።